ቴፒ የማን ናት?

እስቲ ማኪያቷችሁን ለአፍታ አስቀምጡና አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ካርታ ሳታዩ፣ ስልካችሁንም ሳትነካኩ፣ ሚዛን ተፈሪ የት እንዳለች ታውቃላችሁ? ቴፒስ? ማሻስ? ማጂስ?

ብዙዎቻችን «ጅማ አካባቢ ነው» ብለን እንገላገላለን። «ጅማ አካባቢ» ማለት እንግዲህ ከጅማ ወጥቶ፣ ጎጀብን ተሻግሮ፣ ቦንጋን አልፎ፣ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ማለት ነው። አዲስ አበባን ከደብረ ብርሃን ጋር አንድ አድርጎ «እዚያው ነው» የሚል ሰው ብታገኙ ትስቁበታላችሁ። እዚህ ግን ርቀቱ እጥፍ ሆኖም ማንም አይስቅም። ለምን? አካባቢው ወሬ የሚሆነው ሰው ሲሞትበት ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። «በቴፒ ግጭት ተቀሰቀሰ»፣ «በጉራፈርዳ ነዋሪዎች ተፈናቀሉ»፣ «መረጋጋት ሰፍኗል»። አለቀ። ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው ትምህርት «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ነበር። ከደቡብ ምዕራብ በሚመጣ ዜና ውስጥ ግን «ለምን» የምትባለዋ ቃል ሁሌም መንገድ ላይ ትቀራለች።

ዛሬ እሷን ፍለጋ እንሂድ። ርዕሱ ላይ ያለው ጥያቄ የእኔ አይደለም። ሰዎች የሞቱለት ጥያቄ ነው።

ከላይ ቀፎ፣ መሃል ቡና፣ ከሥር ኮረሪማ

መጀመሪያ ሀገሩን እንወቅ። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። አጠገቧ ካለችው አማን ጋር ተዳብላ «ሚዛን አማን» ተብላለች፤ የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ቴፒን ታገኛላችሁ። እሷ ደግሞ በሸካ ዞን ውስጥ ያለች የየኪ ወረዳ ከተማ ናት።

በእነዚህ ሁለት ከተሞች ዙሪያ ያለው መሬት የደረጃ ያህል ይወርዳል። ማሻ ላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ናችሁ፤ ብርድ፣ ቀርከሃ፣ እንሰት። ሚዛን ላይ 1,450 ሜትር ገደማ፤ ቡና፣ ሙዝ፣ ጎደሬ። ቴፒ ላይ 1,100 ሜትር ገደማ፤ ሙቀት፣ ወበቅ፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ። ከዚያ ወዲያ በምዕራብ ወደ ጋምቤላ ሜዳ፣ በደቡብ ደግሞ ሱርማና ሜኢኒት ከብት ወደሚያረቡበት የኦሞ ቆላ ይወርዳል። ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር አይጠፋም።

ደኑ ደግሞ ከሩቅ ለሚያየው ዝም ያለ አረንጓዴ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን የሥራ ቦታ ነው። ከላይ ዛፉ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። መሃል ላይ በጥላው ሥር ቡና ቆሟል። ከሥር ኮረሪማ በቅሏል። የቡናው ቅጠል ራሱ ከሚጥሚጣና ከቅመማ ቅመም ጋር ተፈልቶ ይጠጣል፤ ጨሞ ይባላል። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ «ያልተነካ ደን» ተብሎ የተወራለት ይኸው ነው። ተነክቷል እንጂ! በልክ ነው የተነካው።

ሰዉስ? ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካቾ፣ ካፊቾ፣ መዠንገር፣ ዲዚ፣ ሜኢኒት፣ ሱሪ። በዚያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ከምባታው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው። የቤንች ቋንቋ ብቻውን ስድስት የድምፅ ቃና አለው፤ አንድ ቃል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሲነገር ትርጉሙ ይቀየራል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቋንቋ ከስንት አንድ ነው የሚገኘው። በፉጨት ሳይቀር መልእክት ይተላለፍበታል። ይህንን የትኛው የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ላይ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

«ባዶ መሬት» የሚባል ተረት

አሁን ወደ «ለምን» እንምጣ።

የካፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲሸነፍ ከካፋ በስተደቡብና በስተምዕራብ ያለው ሀገርም አብሮ ተጠቀለለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ለአካባቢው ሰው ዘመን አልነበረም፣ መዓት ነበር። ገባርነት መጣ። ከገባርነቱ የባሰው ደግሞ የባሪያ ንግድ ነበር። ማጂና በዚያን ጊዜ «ጊሚራ» ይባል የነበረው የቤንች ሀገር ሰው እየታደነ ከተሸጠባቸው የሀገራችን ክፍሎች ዋነኞቹ ናቸው። መንደር የነበረው ዱር ሆነ። ከሞትና ከሰንሰለት የተረፈው ወደ ጫካው ሸሸ።

ይህንን ያነሳሁት ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የሚቀጥለው ነገር ያለዚህ ስለማይገባን ነው። ሰው ካለቀበትና ከሸሸበት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ካርታ የሚያይ ሹም ምን አየ? «ባዶ መሬት» አየ። «ድንግል መሬት» አየ።

መዠንገርን ደግሞ አስቡት። ጥንት ኑሮው በደን ውስጥ ነው። አንድ ቦታ መንጥሮ ይዘራል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይተወዋል፣ መሬቱ እስኪያገግም ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ማሩን ከዛፍ ያወርዳል፣ ያድናል። አጥር የለው፣ ቆርቆሮ ቤት የለው፣ ካርታና ፕላን የለው። እንዲህ ያለ ሕዝብ መሬቱን በሙሉ እየተጠቀመበት ለውጭ ሰው ምንም እንደሌለው ይታያል። ተረቱ የተጀመረው እዚህ ነው።

ተረቱን ሁሉም መንግሥት ወዶታል። ደርግ በ1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ በኋላ በበቃና ቴፒ ሰፋፊ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ሆኑ። በበቃ ብቻውን አሥር ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ይዞታ ነው። ኢሕአዴግ መጣና እርሻዎቹን ወደ ግል አዞረ፤ በበቃ ዛሬ በሚድሮክ ሥር ነው። ባለቤቱ ተቀያየረ፣ አጥሩ ግን ባለበት ቆመ።

በዚህ መሃል በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ሰው እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች መሬት ሊቀሙ አልመጡም። ረሃብ አባርሯቸው፣ መንግሥት አጓጉዟቸው፣ በማያውቁት ወባ ሀገር ላይ አራግፏቸው ነው። ብዙዎቹ ሞቱ። የተረፉት መነጠሩ፣ ተከሉ፣ ወለዱ። ከእነሱም በኋላ ዘመድ ዘመዱን እየጠራ፣ የቡና ለቀማውም የቀን ሠራተኛ እየጠራ፣ ሌላው በራሱ ጊዜ መጣ። በ1977 የተወለደ የሰፋሪ ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት አልፎታል። ልጆቹ ቴፒና ሚዛን ተምረዋል። «ወደ ሀገርህ ሂድ» ሲባል የቱ ሀገር ነው የሚሄደው?

ስለዚህ አንድ መሬት ላይ ሁለት የተበደሉ ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው ከመሬቱ የተገፋ፣ ሌላኛው ወደ መሬቱ የተገፋ። የገፋቸው ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

መጋቢት 1994

ኢሕአዴግ ሲመጣ ጥያቄውን ሁሉ በወሰን ለመፍታት ሞከረ። የሸኮና የመዠንገር ሕዝብ ዕጣ ግን መከፋፈል ሆነ። የኪ ወረዳ ሸካ ውስጥ ቀረች፤ ሸኮ ወረዳ ቤንች ማጂ ውስጥ ገባች፤ ጎደሬ ደግሞ ጋምቤላ ሄደች። ሦስት ወረዳ፣ ሦስት አስተዳደር፣ ተመሳሳይ ሰው። ከዚህ በኋላ «የኪ የማን ናት? ቴፒ የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ የወረዳ ምክር ቤት አጀንዳ መሆኑ ቀረና የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

ለምን የሞትና የሕይወት? ከተማ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች «ወረዳ» ማለት መታወቂያ የሚታደስበት ቤት ነው። ገጠር ላይ ግን ወረዳው ቀጣሪ ነው፣ መሬት ሰጪ ነው፣ ከሳሽ ነው፣ አስታራቂ ነው፣ ማዳበሪያ አከፋፋይ ነው፣ ልጅህ የሚማርበትን ቋንቋ ወሳኝ ነው። ሌላ ቀጣሪ በሌለበት ሀገር የወረዳው ወንበር ላይ «የእኛ ልጅ» መቀመጡ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው የወሰን መስመር ደም የሚያፈሰው።

መጋቢት 1994 ላይ የሸኮና የመዠንገር ተወላጆች ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ቴፒ ሲመጡ ከፖሊስ ጋር ግጭት ተፈጠረ። በዚያ ግጭትና እሱን ተከትሎ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ላይ በተወሰደው የበቀል እርምጃ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ፣ ቤቶች ተቃጠሉ። በጉዳዩ ፖሊሶችና ባለሥልጣናት ታስረው ነበር። ጥያቄው ግን አልታሰረም፤ ወጥቶ ሲዞር ኖረ።

በ2004 ዓ.ም. በጉራፈርዳ ወረዳ የአማራ ተወላጅ ሰፋሪዎች በብዛት ተፈናቀሉ። ነገሩ ፓርላማ ደረሰ፤ ከመንግሥት በኩል የተሰማው መከራከሪያ ስለ ሕገ ወጥ አሰፋፈርና ስለ ደን ምንጠራ ነበር። በ2007 መባቻ ላይ ጋምቤላ ውስጥ በጎደሬና በሜጢ በመዠንገርና በደገኞች መካከል ደም ፈሰሰ። ከ2010 ጀምሮ ቴፒ እንደገና ታመመች፤ የመንግሥት ሥራ በቅጡ የማይሠራባት ከተማ ሆና ወራት ቆጠረች። ጥቅምት 2013 ላይ ደግሞ ጉራፈርዳ ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ።

ቀኖቹን በመደዳ ያስቀመጥኳቸው አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። አንድ ጊዜ ሟቹ ሸኮና መዠንገር ነው። ሌላ ጊዜ ሟቹ አማራው ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ዓመት ያስታውሳል፤ የሌላውን ዓመት ግን አያውቀውም፣ ወይም ማወቅ አይፈልግም። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «የጉራፈርዳ ግፍ» ብሎ የሚጽፈው ሰው መጋቢት 1994ን ሰምቶ አያውቅም። ስለ 1994ቱ የሚናገረውም ጉራፈርዳ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል። ግማሽ ሐዘን ይዞ ሙሉ ፍትሕ መጠየቅ ደግሞ አይቻልም።

ሁለት ግማሽ እውነቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አይነት ሰው አለ። ሁለቱንም ካፌ ውስጥ ታውቋቸዋላችሁ።

የመጀመሪያው «ኢትዮጵያዊ በፈለገበት የመኖር መብት አለው፣ ነጥብ!» ይላል። ትክክል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ ይኸው ተጽፏል። ግን ይህንን የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከትልቅ ሕዝብ የተወለደ ነው። ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ፣ ኑሯቸው በደን ላይ የቆመ ሰዎች «ሁሉም በፈለገበት» ሲባል የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው፤ «ጫካህን ነገ መጥተን እንመነጥረዋለን» ተብሎ ነው የሚሰማቸው። ደግሞም ከዚህ በፊት ደርሶባቸዋል።

ሁለተኛው «መሬቱ የነባሩ ነው፣ መጤ እንግድነቱን ይወቅ» ይላል። እሱም ከባዶ አልተነሳም። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው ይላል። የዞኑና የወረዳው ስም በብሔረሰብ ሲሰየም ደግሞ መልእክቱ «ይህ ቤት የእገሌ ነው» የሚል ይሆናል። ግን አርባ ዓመት ግብር የከፈለ፣ ቡና የተከለ፣ ልጅ የቀበረበት ሰው እስከ መቼ ነው እንግዳ የሚሆነው? እንግዳ እኮ ሦስተኛው ቀን ላይ ቤተኛ ነው ይባላል።

የእኔ አቋም ይኸውላችሁ። «ማን ቀድሞ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ታሪክን ለመጻፍ ይጠቅማል፤ ወረዳ ለማስተዳደር ግን አይጠቅምም። «ሁሉም እኩል ነው» የሚለውም መፈክር ደካማውን የሚጠብቅ ሕግ ካልተከተለው ለጉልበተኛ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ መያዝ አለባቸው፤ ለነባሩ የማይነካ ደንና የማይነጠቅ ድምፅ፣ ለሰፈረው ደግሞ የማይነቀል መታወቂያና የማይነጠቅ ማሳ።

«ቀላል አደረግሽው» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ግን ከሰማይ የወረደ ሐሳብም አይደለም። የገጠር መሬት አዋጃችን፣ የ1997ቱም ሆነ እሱን በ2016 የተካው፣ የግል ይዞታን ብቻ ሳይሆን የወል ይዞታንም ያውቃል። በሸካ፣ በካፋና በቤንች የደን ተጠቃሚ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው ደናቸውን የሚጠብቁበት አሳታፊ የደን አስተዳደር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተሞክሯል። ሰፋሪው ገበሬም የማሳ ደብተር ሊኖረው ይችላል። የቸገረው ነገር ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ደኑ እስከዚህ ነው፣ ማሳው ከዚህ ወዲህ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም አያልፍም» ብሎ መፈረም ነው። ያ መስመር ከዞን መስመር ይበልጣል። የዞን መስመር ባለሥልጣን ያፈናቅላል፤ የደን መስመር ግን ዘራፊን ያቆማል።

ሌላም ነገር አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም። ታዲያ «እኛ ነን ብዙ» «እናንተ ናችሁ ጥቂት» እያለ የሚጣላው ሁሉ በምን ቁጥር ነው የሚጣላው? ወንበር፣ በጀትና ወሰን ዕድሜው የኮሌጅ ተማሪ በሆነ ቁጥር ሲከፋፈል ጥል ባይፈጠር ነበር የሚገርመኝ።

አራት ዋና ከተማ

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ምዕራብ ኦሞ፣ ዳውሮና ኮንታ ሕዝበ ውሳኔ አደረጉ። ህዳር 14 ቀን 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል 11ኛው ክልል ሆኖ ተመሠረተ። የሚገርመው፣ በሽግግሩ ዘመን ደቡብ ከመጠቅለሉ በፊት ካፋና አካባቢው «ክልል 11» ይባል ነበር። ሠላሳ ዓመት ዞረን ዞረን እዚያው ቁጥር ላይ!

ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሳቀበት አንድ ውሳኔ ነበር። ክልሉ አንድ ዋና ከተማ ሳይሆን አራት መረጠ። ቦንጋ የአስተዳደሩ መቀመጫ፣ ተርጫ የክልሉ ምክር ቤት፣ ሚዛን አማን የዳኝነቱ፣ ቴፒ የብሔረሰቦች ምክር ቤት። «አንድ ወረቀት ለማስፈረም አራት ከተማ ልንዞር ነው?» ተባለ። ተቀለደ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ደቡብ አፍሪካም መንግሥቷን ፕሪቶሪያ፣ ኬፕታውንና ብሉምፎንቴን ላይ በትና አልፈረሰችም። እኛ ሀገር ዋና ከተማ መሆን ማለት መንገድ፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ ሥራና የመሬት ዋጋ ማለት ነው። ሁሉንም ለአንድ ከተማ ከሰጠህ ሌሎቹን ለሠላሳ ዓመት ኩርፊያ ታዘጋጃቸዋለህ። ለሚዛን ሰው ትልቁ ፍርድ ቤት ሐዋሳ በነበረ ጊዜ ይግባኝ ማለት የአዳር መንገድ ማለት ነበር፤ ቡናው ለትራንስፖርት ያልቃል፣ ክሱ እዚያው ይቀራል። ፍርድ ቤቱ ሚዛን መምጣቱ ለማጂ ገበሬ ከመቶ ንግግር ይበልጣል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑም ከስሜት ይልቅ ለኑሮ የቀረበ ስምምነት ነበር፤ ቤንቹ ከዳውሮው፣ ሸካቾው ከሜኢኒቱ የሚነጋገርበት ቋንቋ እሱ ነውና።

ወጪ አለው? አለው። መኪና፣ አበል፣ ነዳጅ። ግን የቴፒን ዓይነት አንድ ዓመት ከሚያስወጣው ኪሳራ ጋር አስተያዩትና ንገሩኝ።

በተለይ የብሔረሰቦች ምክር ቤት ቴፒ ላይ መቀመጡ ደስ ይላል። የሕዝቦች ጥያቄ የሚታይበት ቤት፣ ጥያቄው ደም ባፈሰሰበት ከተማ! ነገር ግን ቤቱ በስም ብቻ እንዳይቀር እፈራለሁ። ምክር ቤቱ አጠገቡ ያለውን የየኪን ጉዳይ ካልመለሰ የሩቁን ምን ብሎ ይመልሳል? መልስ ስል አዲስ ዞን ማለቴ አይደለም። ቤንች ማጂ ተከፍሎ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ሆኗል፤ ደቡብ ራሱ አራት ክልል ሆኗል። ይህን ሁሉ ከፍለንም ከእያንዳንዱ መስመር ወዲያ አዲስ አናሳ ተወልዷል። መቀስ አንድን ጨርቅ ሁለት ያደርገዋል እንጂ ቀዳዳ አይሰፋም። የሚሻለው በቀበሌና በወረዳ ምክር ቤት ውስጥ ለጥቂቶች የተረጋገጠ ወንበር ማስቀመጥ ነው፤ ለሸኮና ለመዠንገሩ የኪ ላይ፣ ለአማራው ጉራፈርዳ ላይ። ሰው የሚያስተዳድረው ወረዳ ውስጥ የእኔ የሚለው ድምፅ ካለው ወረዳውን ቆርጦ ለመውሰድ አይታገልም።

የቡናው ስም

«ይህ ሁሉ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚል የከተማ ልጅ አንድ ታሪክ ልጨምር።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ማጂ ላይ ተቀምጦ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ከአካባቢው ደን የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ታንዛኒያ፣ ከታንዛኒያ ኮስታሪካ፣ ከኮስታሪካ ፓናማ ገባ። ስሙን ከመጣበት ጫካ ወሰደ፤ ጌሻ። በ1996 ዓ.ም. ፓናማ ውስጥ በተካሄደ ውድድር አሸንፎ በዓለም ታወቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ፓናማ የበቀለ ጌሻ ቡና በጨረታ አንድ ኪሎው 30,204 ዶላር ተሸጠ። አልተሳሳታችሁም፣ አንድ ኪሎ።

የዚያን ቡና እናት የጠበቀው ገበሬስ? ጀንፈሉን አድርቆ ለሰብሳቢ ይሸጣል። ሰብሳቢው ለአቅራቢ ያስረክባል። ለብዙ ዘመን ደግሞ የዚህ ሁሉ ሀገር ደረቅ ቡና ገበያ ላይ የሚወጣው «ጅማ» ተብሎ ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፤ እኛ ካርታ ላይ «ጅማ አካባቢ» እንዳልናቸው ሁሉ ገበያውም ጆንያቸው ላይ እንዲሁ አላቸው። ስም የሌለው ቡና ደግሞ ዋጋ የለውም። ዋጋ የሌለው ቡና ያለው ገበሬ ኑሮውን ለማሻሻል አንድ መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ተጨማሪ መሬት መመንጠር። ተጨማሪ መሬት ሲመነጥር ከጎረቤቱ ደን ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከላይ አንብባችሁታል።

ለዚህ ነው የቡናው ስምና የቴፒ ሰላም አንድ ጉዳይ የሚሆኑብኝ። በጥላ ሥር ያለ የጫካ ቡና በራሱ ስም፣ «ሸኮ» «የኪ» «አንድራቻ» ተብሎ፣ በተሻለ ዋጋ ቢሸጥ ዛፉን የማይቆርጥ ገበሬ ይተርፋል። የገበሬዎች ዩኒየኖች ይህንን ጀምረዋል። የማኪያቶ ጠጪው ድርሻ ደግሞ ቢያንስ «ይሄ ቡና ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለጫማችን ብራንድ የምንጠይቀውን ጥያቄ ለቡናችን መጠየቅ ምን ይከብዳል?

እና የማን ናት?

ጥያቄውን ሳልመልስ ብሄድ አታስቀሩኝም።

ቴፒ የሸኮውና የመዠንገሩ ናት፤ ጫካዋን ጫካ አድርገው ያቆዩላት እነሱ ናቸውና። ቴፒ የሸካቾው ናት፤ ዞኑ ውስጥ አቅፏት ኖሯልና። ቴፒ ከወሎ በረሃብ ተነቅላ መጥታ የመጀመሪያ ልጇን በወባ የቀበረችው እናት ናት። ከከምባታ ለለቀማ መጥቶ የቀረውም፣ ሱቅ የከፈተው ጉራጌም፣ በጭቃዋ ላይ ባጃጅ የሚነዳው ልጅም ናት።

ይህ መልስ ግን ሕግ ካልሆነ ግጥም ነው፣ ግጥም ደግሞ ማንንም ከዱላ አያድንም። ደኑ ይከለል፣ ማሳው ደብተር ያግኝ፣ ጥቂቱ ወንበር ያግኝ፣ እንቆጠር። 1994ን የሚያስታውሰውና 2013ን የሚያስታውሰው አንድ አዳራሽ ገብተው አንዱ የሌላውን ሙታን ስም ይስማ። የብሔረሰቦች ምክር ቤቱ ቴፒ ላይ ነው። አዳራሹም እዚያው ነው። የቀረው በሩን መክፈት ነው።